በሰው ነፍስ ሰማዕትነት የለም

ጁላይ 19 ቀን 2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከካቡል ወደ ካንዳሃር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ይጓዝ የነበረ አንድ አውቶቡስ ጋዝኒ ክፍለ ሀገር ውስጥ በታሊባን ታጣቂዎች እጅ ወደቀ። ተሳፋሪዎቹ 23 ደቡብ ኮሪያውያን ነበሩ፤ 16 ሴቶችና 7 ወንዶች። አብዛኞቹ ከሴኡል በስተደቡብ በሶንግናም ከተማ ካለችው የሴምሙል ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ለአጭር ጊዜ አገልግሎት የመጡ ናቸው። ከስድስት ቀን በኋላ የቡድኑ መሪ የነበሩት የ42 ዓመት ፓስተር በጥይት ተገደሉ። ወሩ ሲያልቅ አንድ የ29 ዓመት ወጣት ተከተላቸው። ሁለት ሴቶች በኦገስት አጋማሽ፣ የቀሩት 19 ሰዎች ደግሞ በኦገስት ማብቂያ ተለቀቁ።

ዕገታው ያበቃው በድርድር ነው። የኮሪያ መንግሥት ተወካዮችና የታሊባን ሰዎች ጋዝኒ ከተማ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሴኡል አፍጋኒስታን የነበሯትን 200 ያህል ወታደሮች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለማስወጣት ተስማማች፤ ይህ ቀድሞም የታቀደ ነበር። ሚስዮናውያኗም ወደዚያች አገር ድርሽ እንዳይሉ ልትከለክል ቃል ገባች። ቤዛ ተከፍሏል የሚል ወሬ በሰፊው ተናፈሰ፤ መንግሥት ግን አልከፈልኩም አለ። የመጨረሻዎቹ ታጋቾች እንደተለቀቁ አንድ የታሊባን ቃል አቀባይ ዘዴው እንደሠመረላቸው፣ በሌሎቹም የውጭ ኃይሎች ላይ እንደሚደግሙት በይፋ ተናገረ።

አገራቸው የጠበቀቻቸው በእልልታ አልነበረም። ከመነሳታቸው በፊት ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ወደ አፍጋኒስታን አትጓዙ ከሚለው የመንግሥት ማስጠንቀቂያ አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ገና ታግተው ሳሉ በኢንተርኔት ተሰራጭቶ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ አደባባይ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። አንዱ ወገን፣ በግትርነታቸው አገር አስጨነቁ፣ መንግሥትን ከነፍሰ ገዳይ ጋር አስደራደሩ ሲል ወቀሳቸው። ሌላው ደግሞ፣ ወንጌል ያለ መሥዋዕትነት መቼ ድንበር ተሻገረና ነው የምትወቅሷቸው ብሎ ቆመላቸው። ያን ጊዜ ኮሪያ ከአሜሪካ ቀጥላ ብዙ ሚስዮናውያን የምትልክ አገር ተብላ ትጠቀስ ስለነበር ክርክሩ የአንዲት አጥቢያ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም።

ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ጉዳዩን የ23ቱ ሰዎች ጉዳይ አድርገው ማየታቸው። ጀግኖች ናቸው ወይስ ሞኞች? ታዛዦች ናቸው ወይስ ግትሮች? ከዚያ ወዲህ በሰሜን ኮሪያም፣ በፓኪስታንም፣ በሌላም ስፍራ አንድ ሚስዮናዊ በታሰረ ወይም በተገደለ ቁጥር ክርክሩ እዚያው ላይ ይሽከረከራል። ሰው ስለ እምነቱ የገዛ ነፍሱን አሳልፎ ቢሰጥ ግን ከልካይ የለውም፤ ክርስትና ብቻ ሳይሆን ብዙ ሃይማኖቶች ይህን ያከብራሉ። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሚስዮናዊው ሲገባ ማንን አብሮ አስያዘ? ሲወጣስ ዕዳውን ለማን ትቶ ወጣ? ክርስትና በጠላትነት በሚታይበት አገር የሚደረግ የወንጌል ሥራ ሥነ ምግባር መመዘን ያለበት በሄያጁ ድፍረት ሳይሆን በዚህ ሚዛን ነው።

ፓስፖርት ያለውና የሌለው

ኮሪያውያኑ ከመታገታቸው አራት ወር አስቀድሞ፣ በማርች 2007፣ ዳንኤሌ ማስትሮጃኮሞ የተባለ ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ከአፍጋናዊ ሾፌሩና ከአስተርጓሚው ጋር በሄልማንድ በታሊባን ተይዞ ነበር። ሾፌሩ ተገደለ። ጋዜጠኛው በአምስት የታሊባን እስረኞች ተለውጦ አገሩ ገባ። አስተርጓሚው አጅማል ናቅሽባንዲ ግን በአጋቾቹ እጅ ቀረ፤ በኤፕሪል አንገቱ ተቀላ። ጋዜጠኛው ሚስዮናዊ አልነበረም። ታሪኩን እዚህ የማነሣው በዚያ ዓመት በአፍጋኒስታን መንገዶች ላይ የሰው ነፍስ በምን ዋጋ ይተመን እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። የውጭ አገር ሰው መንግሥት አለው፣ ኤምባሲ አለው፣ የሚጮህለት ጋዜጣ አለው። የአገሬው ሰው ያለው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ኮሪያውያኑን የያዙት ታጣቂዎች በ23ቱ ልክ 23 እስረኛ ጠየቁ። የአፍጋኒስታኑ ፕሬዝዳንት ካርዛይ በጣሊያናዊው ልውውጥ ክፉኛ ተወቅሰው ስለነበር አሻፈረኝ አሉ። ያ የመንገድ ገበያ ከኮሪያውያኑ በፊት የቆመ፣ ማንም ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሊያውቀው የሚችል ነገር ነበር። እንዲያውም በ2006 ከሺህ በላይ እንደሚሆኑ የተነገረላቸው ኮሪያውያን ክርስቲያኖች ለሰላም ፌስቲቫል በሚል ካቡል ገብተው፣ የአፍጋኒስታን መንግሥት ለደህንነታቸው በመስጋት እንዲወጡ አዟቸዋል። ማስጠንቀቂያው በፖስተር ላይ ብቻ የተጻፈ አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከፍለው ግን በዜና የማይታየው አፍጋናዊ ክርስቲያን ነው። የ2004ቱ ሕገ መንግሥት በአንድ አንቀጹ የሌላ ሃይማኖት ተከታዮች ነጻ ናቸው ሲል፣ በሚቀጥለው አንቀጽ ከእስልምና ጋር የሚጋጭ ሕግ አይወጣም ይል ነበር። ከእስልምና የወጣ ሰው በሁለቱ መካከል ይወድቅ ነበር። በ2006 አንድ አፍጋናዊ ክርስቲያን ሆነሃል ተብሎ ካቡል ውስጥ ተከሰሰ፤ ዓቃቤ ሕግ ሞት ጠየቀበት። ሰውየው እምነቱን የቀየረው ከብዙ ዓመታት በፊት ፔሻዋር ውስጥ፣ ለስደተኞች ከሚሠራ የክርስቲያን ዕርዳታ ድርጅት ጋር ሲሠራ ነው። የምዕራብ መንግሥታት ጮኹ፣ ክሱ በቴክኒክ ምክንያት ተቋረጠ፣ ሰውየው ጣሊያን ጥገኝነት አገኘ። ለእርሱ ዓለም ተነሣለት፤ ከእርሱ ኋላ ላሉት ስማቸው ለማይታወቀው ግን የሚነሣ አልነበረም።

ይህ አሠላለፍ ደግሞ ተደጋጋሚ ነው። በኦገስት 2001 ታሊባን ካቡል ውስጥ የሼልተር ናው ዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞችን ወንጌል ሰበካችሁ ብሎ ሲያስር ስምንቱ የውጭ አገር ሰዎች፣ አሥራ ስድስቱ አፍጋናውያን ነበሩ። የስምንቱ ወሬ በየቀኑ በዓለም ቴሌቪዥን ይነገር ነበር፤ አሥራ ስድስቱን ያነሣ ጥቂት ነው። በ2010 ኖሪን የተባለ የካቡል ቴሌቪዥን አፍጋናውያን ሲጠመቁ የሚያሳይ ምስል አስተላለፈ። አንድ የምክር ቤት አባል እነዚህ ሰዎች በአደባባይ ይገደሉ አለ። ፖሊስ አሰሳ ጀመረ፣ የተገኙት ታሰሩ፣ የቻሉት አገር ጥለው ተሰደዱ። የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ዕርዳታና ቸርች ወርልድ ሰርቪስ የተባሉ ሁለት የዕርዳታ ድርጅቶችም ስማቸው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚል ስላለ ተጠርጥረው ሥራቸው ታገደ። ያን የጥምቀት ምስል ማንም ይቅረጸው ማን፣ የተቀረጸው ሰው ፊቱ መታየቱ ምን እንደሚያመጣበት አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ካሜራውን የያዘው ነበር።

ከዚያ ሁለት ወር ቢያልፍ ነው፣ ኦገስት 5 ቀን 2010፣ በባዳክሻን ተራሮች አሥር የዓይን ሕክምና ቡድን አባላት ተገደሉ። ስድስት አሜሪካውያን፣ አንዲት እንግሊዛዊት፣ አንዲት ጀርመናዊትና ሁለት አፍጋናውያን። የላካቸው ኢንተርናሽናል አሲስታንስ ሚሽን ከ1966 ጀምሮ በአፍጋኒስታን የሠራ፣ ክርስቲያን መሆኑን ያልደበቀ፣ አንሰብክም ብሎም የፈረመ ድርጅት ነው። የቡድኑ መሪ ቶም ሊትል ከሠላሳ ዓመት በላይ ዳሪ እየተናገረ በዚያች አገር የኖረ ሰው ነበር። ታሊባን ገዳይ ነኝ ብሎ፣ ምክንያቱንም በዳሪ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነበር አለ፤ ድርጅቱ አልሰበኩም ሲል አስተባበለ። የቴሌቪዥኑ ምስል ይህን ግድያ አመጣ ማለት አይቻልም። ሆኖም መስቀል ያለበት ዕርዳታ ሁሉ ሽፋን ነው የሚል ጥርጣሬ አንዴ ከሰፈነ በኋላ ሰባኪውንና የዓይን ሐኪሙን የሚለይ ታጣቂ አይገኝም። ይኸው ድርጅት በሴፕቴምበር 2023 በጎር ክፍለ ሀገር እንደገና ሲከሰስ ከታሰሩት 18 ሠራተኞቹ የውጭ አገር ሰው አንዷ ብቻ ነበረች። አሥራ ሰባቱ አፍጋናውያን ናቸው።

ጥፋቱ የገዳዩ አይደለምን?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልናልፈውም አይገባም። የገደለው ታጣቂ ነው፤ ያሰረው መንግሥት ነው። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 18 ሰው ሃይማኖቱን የመቀየር መብት አለው ይላል። ሚስዮናዊውን የሚወቅስ ሰው፣ ባትሰብክ ኖሮ አልገድልም የሚለውን ጨቋኝ ቋንቋ እየተዋሰ አይደለምን? ደግሞስ መብቱ የሰባኪው ብቻ አይደለም፤ መስማት የሚፈልግ ሰውም አለ። ካንዳሃር ውስጥ አንድ ሰው ስለ ክርስቶስ ልወቅ ቢል ጆሮውን የምንዘጋው በምን ሥልጣን ነው?

ይህ ክርክር እውነት ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የገዳዩ ነው፤ ከእርሱ ላይ አንዲት ጠብታ ተነሥታ ወደ ሚስዮናዊው መዞር የለባትም። ጥፋተኛ አለመሆን ግን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም። በክረምት ወንዝ ሞልቶ እያየ የጎረቤቱን ልጅ አዝሎ የሚሻገር ሰው፣ ጎርፉን እኔ አላመጣሁትም ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ጎርፉ አይደለም። ክፋቱ አስቀድሞ ከታወቀ፣ የታወቀውን ክፋት አስልቶ መንቀሳቀስ የሄያጁ ድርሻ ነው። ለመስማት የሚፈልገው ሰው መብትም ይህንኑ ያጠናክራል፦ የመብቱ ባለቤት እርሱ ከሆነ መቼ፣ በማን አፍ፣ በምን መንገድ እንደሚሰማ መወሰን ያለበትም እርሱ ነው።

ሁለተኛውና ረቂቁ ተቃውሞ፣ የራስ ብቻ የሆነ መሥዋዕትነት ጭራሽ የለም የሚለው ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም አሉ። በጁላይ 1979 ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ታሰሩ፣ ተገረፉ። ታዲያ ጉዲናም በሚስታቸው ነፍስ ሰማዕት ሆኑ ልንል ነው?

አንልም። ልዩነቱ ግን ቄስ ጉዲና ሌላውን ከጉዳት ጠብቀዋል በሚል አይደለም፤ አልጠበቁም፣ አይችሉምም ነበር። ልዩነቱ ፀሐይ ቶሎሳ የዚያው እምነት፣ የዚያው ትዳርና የዚያው አገር ሰው መሆናቸው ነው። የሚመጣውን ያውቁ ነበር፤ በምርጫውም ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ የሚጠየቀው፣ ሌላ ሰው ይጎዳል ወይ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ይህ ከተጠየቀ ማንም ከቤቱ አይወጣም። የሚጠየቀው፣ የሚጎዳው ሰው ድምፅ ነበረው ወይ የሚለው ነው። ከሴምሙል ቤተ ክርስቲያን የተነሣው ቡድን ማስጠንቀቂያውን አንብቧል፣ ቤተሰቡን ተሰናብቷል፣ ተስማምቶ ሄዷል። በካቡል በየጓዳው በጨለማ የሚጸልየውን አፍጋናዊ፣ ከአሁን በኋላ ሚስዮናዊ ነው ተብሎ የሚጠረጠረውን የዓይን ሐኪም፣ ነገ በዚያው መንገድ የሚያልፈውን አስተርጓሚ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ኮሪያ ከራሷ ሰማዕታት ምን ተማረች?

ይህን መመዘኛ ከውጭ ያመጣሁት አይደለም። በኮሪያ የክርስትና ታሪክ ውስጥ ራሱ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። የኮሪያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው በሚስዮናዊ አይደለም። በ1784 ይ ሱንግ-ሁን የተባለ ኮሪያዊ ቤጂንግ ሄዶ ተጠምቆ ተመለሰ፤ ምእመናኑ ራሳቸው ተሰባሰቡ። ካህን የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም ቻይናዊው ዡ ዌንሞ ነበር። በ1801 ታላቁ ስደት ሲጀመር አባ ዡ ወደ ቻይና ድንበር ለመሸሽ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን እርሱን ፍለጋ ምእመናኑ እየተገረፉ መሆኑን አሰበና ተመልሶ እጁን ሰጠ። በዚያው ዓመት ተሰየፈ።

በ1839ም እንዲሁ ሆነ። ፈረንሳዊው ጳጳስ ሎረን ኢምቤር መንግሥት የሚያድነው የውጭ አገር ካህናትን እንደሆነ፣ እነርሱን ካላገኘ ምእመናኑን እንደሚጨርስ ተረድተው ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ። ተደብቀው ለነበሩት ሁለት ካህናትም እናንተም ውጡ ብለው ጻፉ። ሦስቱ አብረው ተገደሉ። እጅ መስጠታቸው ስደቱን አላቆመውም። እነዚህ ሰዎች ስለ ወንጌል መሞት ብቻ ሳይሆን በእነርሱ ምክንያት ሌላው እንዳይሞት መሞት ዕዳቸው እንደሆነ አምነዋል። በ1984 ሴኡል ውስጥ ቅዱሳን ተብለው ከተሰየሙት 103 የኮሪያ ሰማዕታት 10ሩ ፈረንሳውያን፣ 93ቱ ኮሪያውያን ናቸው። ጳጳሱ ሲሰየፉ ታሪክ ይጽፍላቸዋል፤ ቁጥሩ ግን ዋናው ዋጋ ከማን ቤት እንደወጣ ይናገራል።

ሚስዮናዊውን የሚከተለው የመንግሥቱ ጥላ ምን እንደሚያመጣም ያው ታሪክ ያሳያል። በ1801 አንድ ኮሪያዊ ክርስቲያን በሐር ጨርቅ ላይ ለቤጂንጉ ጳጳስ በጻፈው ደብዳቤ የምዕራብ የጦር መርከቦች መጥተው መንግሥቱን እንዲያስገድዱ ለመነ። ደብዳቤው ተያዘ፤ ከዚያ በኋላ ክርስቲያን መሆንና ከሃዲ መሆን በቤተ መንግሥቱ ዓይን አንድ ሆኑ። በ1866 ዘጠኝ ፈረንሳውያን ጳጳሳትና ካህናት ሲገደሉ ፈረንሳይ የባሕር ኃይሏን ላከች፤ ጋንግህዋ ደሴትን ወግታ፣ ዘርፋ ተመለሰች። የቀሩትን የመታቸው የገዢው ዴዎንጉን ቁጣ ነው። መርከቦቹ ደርሰውበት በነበረው የሃን ወንዝ ዳርቻ ላይ ኮሪያውያን ምእመናን ተሰየፉ፤ ስደቱም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በላ። መርከብ ያለው መንግሥት ለዜጎቹ ሲበቀል፣ መርከብ የሌለው አማኝ የበቀሉን በቀል ይቀበላል። በ2007 በ200 ወታደሮች መውጣት ላይ የተደረገው ድርድር ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ታሊባን የቤተ ክርስቲያን ቡድንና የጦር ካምፕ የአንድ መንግሥት ሁለት እጆች ናቸው ብሎ ነው የተደራደረው።

የሽፋን ነገር

ለሚስዮናዊ ቪዛ በማይሰጥ አገር የሚገባው በሌላ ስም ነው። መምህር፣ ነጋዴ፣ ቱሪስት፣ የቋንቋ ተማሪ። ላኪዎቹ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይሰብክ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የጳውሎስ ድንኳን ዝናብ ያስጠልል ነበር። የሚሸጥ፣ የሚያስተዳድረው እውነተኛ ሙያ ነበር፤ ሰባኪነቱም በየምኩራቡና በየገበያው የታወቀ ነው። ዛሬ ከሚታየው ብዙው ተቃራኒው ነው፦ ሙያው ለይስሙላ፣ ስብከቱ በድብቅ።

በሜይ 2017 በኩዌታ፣ ፓኪስታን፣ ሁለት ወጣት ቻይናውያን ተጠለፉ፤ በጁን ኢስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን ገደልኳቸው አለ። የፓኪስታን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ሁለቱ በንግድ ቪዛ ገብተው በአንድ ኮሪያዊ በሚመራ የኡርዱ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሽፋን ወንጌል ይሰብኩ ነበር ሲል ገለጸ። መግለጫው ከመንግሥት የመጣ ስለሆነና ተገዳዮቹም መልስ መስጠት ስለማይችሉ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ያስከተለው ግን የታወቀ ነው፦ ፓኪስታን ለቻይናውያን የምትሰጠውን ቪዛ አጠበቀች፤ ቻይናም ዓይኗን በኮሪያውያን ሚስዮናውያን ላይ ጣለች።

ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። አንዲት ነርስ እምነቷን ሳትደብቅ፣ ሳትሰብክም፣ ነርስነቷን ብትሠራ ማንንም አላታለለችም። የሌለ ድርጅት አቋቁሞ፣ የማያስተምር ትምህርት ቤት ከፍቶ መግባት ግን ውሸት ነው፤ ውሸቱም ከሚስዮናዊው ጋር አብሮ አይቀበርም። ነገ እውነተኛው የቋንቋ መምህር፣ እውነተኛው ነጋዴ በዚያው ዓይን ይታያል። የባዳክሻኑ ድርጅት ግልጽነቱ ከሞት አላዳነውም፤ ነገር ግን ከግድያው በኋላም በአገሪቱ ሥራውን ቀጥሏል። ለአሥርተ ዓመታት ማንነቱን ያወቁለትና ዓይናቸውን ያከመላቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሁለት ሳምንት መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ የሚመለስ ቡድን እንዲህ ያለ ምስክር ሊያገኝ አይችልም።

ከተቀባይነት ወደ ላኪነት

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እኛም በሚስዮናውያን ዓይን አስቸጋሪ አገር የነበርንበት ዘመን አለ። በ1863 አጼ ቴዎድሮስ፣ ቤተ እስራኤላውያንን ሊሰብክ የመጣውን ሄንሪ ስተርንን ጎንደር አቅራቢያ ሲያስደበድቡ፣ አብረውት የነበሩ ሁለት አገልጋዮቹም ተደበደቡ። ስተርን ተረፈ። ሁለቱ በድብደባው ሞቱ። ስተርን ስለ ንጉሡ በመጽሐፍ የጻፈው በኋላ ሲነበብ ቁጣውን አባባሰው፤ ታስሮ ኖሮ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ነጻ ወጣ፤ አገሩ ገብቶም የእስሩን ታሪክ አሳተመ። የጦርነቱ ምክንያት እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ ለእንግሊዝ ጽፈው መልስ ያላገኙበት ደብዳቤና የእንግሊዙ ቆንስል መታሰር ዋናዎቹ ናቸው። የሁለቱ አገልጋዮች ታሪክ ግን የካቡሉን አሥራ ስድስት፣ የጎሩንም አሥራ ሰባት ይመስላል።

ሚስዮናዊው የግድ እዚያ መገኘት አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ወላይታ መልስ አላት። ጣሊያን በ1937 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎችን ከዚያ ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን 50 አይሞሉም ነበር። ከወረራው በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በእነዚያ ዓመታት የሰበኩት፣ የተገረፉትና የታሰሩት የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ መቼ እንደሚናገሩ፣ መቼ እንደሚደበቁ የሚያውቁትም እነርሱ ነበሩ። እዚህ ያለነው እኛ ካልሄድን ማን ይሄዳል የሚለው ንግግር ቅንነት ሊኖረው ይችላል፤ ታሪክ ግን ሁልጊዜ አይደግፈውም።

አሁን የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ላኪ እየሆኑ ነው። ቪዛና የውጭ ምንዛሪ ከእነርሱ ሳይጠይቅ በብዛት የሚሄድ ሰውም አላቸው፦ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የምትጓዘው ወጣት። አንቺ በዚያ ብርሃን ሁኚ ብሎ መርቆ መሸኘት ቀላል ነው። በዲሴምበር 2011 ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው ክሱ ወንድና ሴት ተቀላቅላችሁ ተገኛችሁ የሚል ሲሆን፣ ሴቶቹ ልብሳቸውን አስወልቀው የሚያዋርድ ፍተሻ ተደርጎባቸዋል። ከወራት እስር በኋላ ከአገር ተባረሩ። እነዚህ ሰዎች የተያዙት ሊሰብኩ ሳይሆን ሊጸልዩ ተሰብስበው ነው፤ መጸለይ ደግሞ ማንም ሊነፍጋቸው የማይገባ መብት ነው። ለጸሎት ይህ ከደረሰ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ያለን፣ ጠበቃ የሌላትን፣ ደሞዟን እናቷ የምትጠብቀውን ልጅ ሚስዮናዊ ብሎ መሾም ምን ማለት እንደሆነ ሿሚው ያስብበት። እንዲህ ያለውን ውሳኔ እርሷ ራሷ ብትወስን ክብር ይገባታል። ከአዲስ አበባ መድረክ ላይ ሌላ ሰው ሊወስንላት ግን አይችልም።

ላኪው የሚጠየቀው

ከዚህ ሁሉ፣ አትሂዱ የሚል መደምደሚያ አይወጣም። የሚወጣው የኃላፊነት ዝርዝር ነው። መጀመሪያ፣ በዚያ አገር ያሉ አማኞች ኑ ብለዋል ወይ? ካሉስ ስንት ሆነን፣ በምን ሙያ፣ ለስንት ጊዜ ብለዋል? እነርሱ አትምጡ ካሉ ጉዳዩ አለቀ። ሁለተኛ፣ የአገሬው ሾፌር፣ አስተርጓሚና ዘበኛ ሲቀጠር የሚሠራበት ድርጅት ምን እንደሆነ በግልጽ ተነግሮታል? ችግር ሲመጣ ከውጭ አገር ሰው ጋር እኩል የሚወጣበት፣ ካልሆነም ቤተሰቡ የሚረዳበት መንገድ ተበጅቷል? በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ ያልመደበ ድርጅት አንዱን ነፍስ ከሌላው አስበልጦ ተምኗል።

ሦስተኛ፣ ሄያጁ ቢታገት ቤዛ እንዳይከፈል፣ እስረኛም እንዳይለወጥ አስቀድሞ ተስማምቷል? ቤተሰቡስ ያውቃል? ለመሞት ዝግጁ ነኝ ብሎ የሄደ ሰው ሲታገት አገር ሙሉ የሚለመንለት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቃሉ ሙሉ አልነበረም። ይህን ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ያንን ዋጋ የሚከፍለው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መንገድ የሚታገተው ሰው ነው። አራተኛ፣ የደጋፊዎች ገንዘብ የሚመጣው በፎቶግራፍና በቁጥር ከሆነ፣ ያ ፎቶግራፍ የማንን ፊት ያሳያል? ስንት አመኑ የሚለውን ሪፖርት የሚሻ ለጋሽ፣ ሳያውቀው ለፖሊስ የስም ዝርዝር እያስጻፈ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዝርዝር እምነትን ያቀዘቅዛል፣ መንፈስን በቢሮ ሥራ ያስራል የሚሉ ይኖራሉ። የኮሪያዎቹ አባ ዡና ጳጳስ ኢምቤር ግን እምነታቸው የቀዘቀዘ ሰዎች አልነበሩም። እነርሱ የተረዱት፣ ለመሞት መዘጋጀት ከሚስዮናዊ የሚጠበቀው ትንሹ ነገር መሆኑን ነው። ትልቁ ነገር ከእርሱ ቀጥሎ ማን እንደሚሞት ማወቅና ያንን ሰው አስቀድሞ ጠይቆ መስማት ነው። ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ላኪ ጸሎቱን ይቀጥል፤ ቲኬቱን ግን ይሰርዝ።